«ሲስተር፣ ምን አሉኝ?»

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። 33 ዓመት ዋርድ ውስጥ ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን በውስጥ ደዌ ክፍል። ጋዜጣችሁን አነባለሁ እንጂ ጽፌላችሁ አላውቅም። አሁንም የምጽፈው ሐኪሞችን ለመውቀስ አይደለም። ልጆቹን እወዳቸዋለሁ። ስንቱን ኢንተርን (ገና የሚለማመድ ሐኪም) ደም ሥር ፍለጋ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ስፔሻሊስት ሆነው፣ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ መኪናቸውን አቁመው የሚስሙኝ አሉ።

የምጽፈው ስለ አንድ ጥያቄ ነው። ጠዋት ራውንድ አልቆ ነጭ ጋዋን የለበሰው ሁሉ ወደሚቀጥለው አልጋ ሲያልፍ፣ ሕመምተኛው ከትራሱ ቀና ይልና በእጁ ይጠራኛል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሲስተር፣ ምን አሉኝ?» ይለኛል። ይህን ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ራውንድ አይቶ ለማያውቅ ላስረዳ። ሲኒየሩ፣ ዋናው ሐኪም፣ ከፊት ነው። ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማሩት ሬዚደንቶቹ ይከተላሉ። ኢንተርኖቹና ሕመምተኛ ማየት ገና የጀመሩት የሲ ዋን ተማሪዎች እንደ ሠርግ አጃቢ ከኋላ ናቸው። አልጋውን ይከቡታል። ኢንተርኑ ሂስትሪውን፣ የሕመሙን ታሪክ፣ በእንግሊዝኛ ያነበንባል። የሰውየው ዕድሜ፣ ስንት ሳምንት እንዳሳለው፣ ይጠጣ አይጠጣ፣ ሁሉም ከራሱ በላይ ይወራል። እሱ ከታች ሆኖ አፍ አፋቸውን ያያል። አልፎ አልፎ የሚያውቀው ቃል ብቅ ይላል። «ቲቢ»፣ «ካንሰር»። ቃሉ የተነሳው «የለበትም» ለማለት ሊሆን ይችላል። እሱ ግን የሰማው ቃሉን ብቻ ነው። ይዞት ያድራል።

አንዴ አንዲት ወጣት ኮሪደር ላይ ተቀምጣ ስታነባ አገኘኋት። ምን ሆነሽ ብላት «ውጤቱ ኔጌቲቭ ነው አሉኝ» አለችኝ። መጥፎ ነገር የተነገራት መስሏት ነው። ይህ የሷ አላዋቂነት አይደለም። ኔጌቲቭ ሲባል ደህና ማለት እንደሆነ ማን ነገራት?

ባለፈው ዓመት ታላቅ ወንድሜ ታመመ። ሆስፒታሉን አልጠራም፤ ሌላም ቦታ ቢሆን ያው ነበር። ወንድሜ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። በደህናው ዘመን አሰብ ድረስ ተሳቢ ነድቷል። እኔ በዚያ ጊዜ ነርስ አልነበርኩም፤ አስታማሚ ነበርኩ። ፔርሙዝ ታቅፌ በር ላይ የምጠብቅ። ጥበቃው «እማማ፣ ራውንድ ነው፤ ይውጡ» ሲለኝ ደሜ ፈላ። ከዚያ ትዝ አለኝ። 33 ዓመት ሙሉ «አስታማሚ ውጡ! ውጡ!» እያልኩ ስጮህ የኖርኩት እኔው ነኝ። የእጄን አገኘሁ።

ለምኜ ገባሁና ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ዘጠኝ ሰው ነበር፤ ቆጥሬያለሁ። ሲኒየሩ የሲቲ ስካኑን ፊልም ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አየው። በእንግሊዝኛ ተነጋገሩ። «ሲኤ» ሲሉ ገባኝ። ካንሰር የሚለውን ቃል ሕመምተኛው ስለሚያውቀው አሳጥረው ሲኤ ይሉታል። እኔም ስንት ዓመት ብዬዋለሁ። ከዚያ ሲኒየሩ ሰዓቱን አየና ኢንተርኑን «ንገረው» ብሎት አለፈ።

ልጁ 25 ዓመት የሚሞላው አይመስልም። ተረኛ ሆኖ ነው ያደረው፤ ዓይኑ ቀልቷል። ቻርቱን እንደ ጋሻ ደረቱ ላይ ይዞ፣ እንደቆመ «አባባ፣ እ... በሽታው ትንሽ ተስፋፍቷል። ደረጃ አራት ነው። ኦንኮሎጂ ሪፈር እናደርግዎታለን፣ እሺ?» አለ።

«እሺ» አለ ወንድሜ።

ትንሽ ቆየና ደግሞ «ልጄ፣ እኔ እኮ አምስተኛ መንጃ ፈቃድ ነው ያለኝ» አለው።

በድሮው መንጃ ፈቃድ አምስተኛ ደረጃ ትልቁ ነበር። የካንሰር ደረጃ ግን አራት ላይ ያበቃል። ወንድሜ ቀልዶ ይሁን ወይስ ደረጃ አራት ሲባል ሌላ ነገር መስሎት ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ልጁም መሳቅ አለመሳቁ ቸገረው። ቡድኑ ጥሎት ሦስት አልጋ ርቆ ነበርና ሮጠ። ሁሉም ነገር አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ወንድሜ ወደ ግድግዳው፣ ወደ እኔ ዞረ።

«እህቴ፣ ምን አለኝ?»

ለልጁ አልተቀየምኩትም። ደም ሥር ሲያጣ እጁን ይዤ አሳየው ነበር። ይህን ግን እጁን ይዞ ያሳየው ሰው የለም። «ንገረው» ተባለ እንጂ እንዴት እንደሚነገር ሲደረግ አላየም፤ ሲያደርገውም ያየው የለም።

ወንድሜ በሦስተኛው ወር አረፈ። ሴት ልጁ የምትኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። ለሷ መርዶው እንዴት እንደተነገረ ደግሞ ስሙ። የሞተ ዕለት ለጓደኛዋ ደወልኩ። ጥያቄዋ በረታ። መታመሙን ምን ያህል ታውቃለች? ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አወሩ? ምን ብላችኋት ነበር? ፌስቡክ ላይ ማንም እንዳይለጥፍ ዘመድ ሁሉ ተነገረው። ባሏ ስልኳን ደበቀ። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ስድስት ሰው ሆነው በሯን አንኳኩ። የንስሐ አባቷ አሉ። እንደ እናት የምታያቸው አንዲት ጎረቤት አሉ። አንዷ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ አብራት ልትውል ነው የመጣችው። ያን ሁሉ ሰው በዚያ ሰዓት ስታይ ገብቷታል። አስቀመጧት፤ በግራና በቀኝ ያዟት። ትልቅየዋ ሴት ናቸው የነገሯት፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር። ከዚያ ማንም አላወራም። አለቀሰች፣ አለቀሱ። ቡና የተፈላው ከስንት ሰዓት በኋላ ነው።

ለሟች ልጅ እንዲህ የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ ለሚሞተው ለራሱ ቻርት ይዘን ቆመን እንነግረዋለን።

የጎረቤቴ ልጅ የሕክምና ተማሪ ናት። ይህን ሳጫውታት «እሱማ ፕሮቶኮል አለው» አለችኝና ከስልኳ አነበበችልኝ። «ስፓይክስ» ይባላል። የካንሰር ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት ነው። ስድስት ደረጃ አለው። ጸጥ ያለ ቦታ አዘጋጅና ተቀመጥ። ስለ ሕመሙ ምን እንደሚያውቅ ጠይቀው። ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ጠይቀው። በቀላል ቃል ንገረው። ሲያዝን አትሽሽ። ከዚያ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ተነጋገሩ። ሳቄ መጣ። የቨርጂኒያዎቹ ሴቶች ያደረጉት እኮ ይህንኑ ነው፤ ማንም ሳያሠለጥናቸው።

«ፈተና ላይ መጥቶልሽ ያውቃል?» አልኳት።

«አዎ፣ ምርጫ ሆኖ።»

«ሰው ላይስ?»

«ሰው ላይማ...» አለችና ዝም አለች።

እንግዲህ የኔ ነገር ይኸው ነው። ከሰው ጋር መነጋገር በክፍል ውስጥ፣ በእንግሊዝኛ፣ በስላይድ ይሰጣል። ከዚያ ልጁ ዋርድ ሲወጣ የሚያየው ሌላ ነው፤ የሚማረውም ያየውን ነው።

መርዶን አወደስኩ እንጂ ሁሉ ነገራችን ልክ ነው ማለቴ አይደለም። እኛ ለዘመድ ነግረን ለታማሚው መደበቅ እንወዳለን። እኔም ደብቄያለሁ። «ትንሽ ቁስለት ነው፣ ይሻልዎታል» ያልኳቸው ሰዎች ፊት አሁን ድረስ ይመጣብኛል። ወንድሜ ግን ማወቅ ነበረበት። በስሙ ያለ የቤት ካርታ ነበር፤ ከታናሽ ወንድማችን ጋር ስምንት ዓመት ተኮራርፈው ነበር። ያን ዕለት ማታ እንደ ነርስ ሳይሆን እንደ እህት ነገርኩት። በሳምንቱ ታናሹን ራሱ አስጠራው። ያ ልጅ ጠዋት ተቀምጦ «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብሎት ቢሆን ይመልስለት ነበር። ለመጠየቅም አማርኛው ሊኖር ይገባል።

አዎ፣ አማርኛው። ተማሪው ለስድስት ዓመት በሽታን የሚያውቀው በእንግሊዝኛ ነው። ሕመምተኛው ደግሞ የራሱ ቃል አለው። «ልቤን ያቃጥለኛል» ሲል ብዙ ጊዜ ጨጓራውን ነው። «ኩላሊቴን» ሲል ወገቡን ሊሆን ይችላል። ምች አለ፣ ውጋት አለ፣ ቁርጥማት አለ፣ የወፍ በሽታ አለ። ከተማ ያደገ ልጅ ግማሹን አያውቀውም።

ከገጠር የመጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ ግማሽ ሰውነታቸው ሽባ ሆኖ። ለዓመታት የደም ብዛት ኪኒን ይወስዱ ነበር። ምን ሆነው አቆሙ ብዬ ልጃቸውን ጠየቅሁ። ሌላ ቦታ ተመርምረው «ደምዎ አንሷል» ተባሉ አለችኝ። እሳቸውም «ሲበዛ ነበር የምውጠው፤ ካነሰ ታዲያ ምን አስዋጠኝ?» ብለው ኪኒኑን ጣሉት። እስቲ ከዚህ ላይ ስህተቱን አውጡልኝ። ደም ብዛት ብለን ስም ያወጣንለት እኛው ነን። የደም ግፊትና የደም ማነስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር የነገራቸው ሰው ቢኖር ዛሬ በእግራቸው ይሄዱ ነበር ይሆናል።

«በየስምንት ሰዓቱ» ተብሎ በቀን አንዴ ብቻ፣ ከምሳ በኋላ በ8 ሰዓት የሚውጥም አለ። በጾም ወራት የጠዋቱን ኪኒን ዘልሎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ አለ። ጠበል ገብቶ መድኃኒት ያቆመ አለ። ማንም አልጠየቀውም። ቢጠየቅም በቁጣ ነው፤ ሁለተኛ እውነቱን አይናገርም።

ከሁሉ የከፋችው ግን «እሺ» ናት። የኛ ሰው ትልቅ ሰው ሲናገር እሺ ይላል። ገባኝ ማለት አይደለም። እስማማለሁ ማለትም አይደለም። ሰማሁ፣ አከበርኩህ ማለት ነው። ጎበዝ ሐኪም እሺን አያምንም። «እስቲ ቤት ሲገቡ ለልጆችዎ ምን ብለው ይነግሯቸዋል?» ይላል። ያኔ ጉዱ ይወጣል።

አማርኛ ለማይችለው ደግሞ የባሰ ነው። ከኦሮሚያ ወይ ከደቡብ በሪፈር ለመጣ ሰው የሚተረጉምለት ብዙ ጊዜ የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ አለዚያ የአሥር ዓመት ልጁ። ሰውየው አምስት ደቂቃ ያወራል፤ ትርጉሙ «ሆዴን ነው» ይሆናል።

በሥራ ዘመኔ አንድ ሲኒየር ነበሩ። ሕጋቸው እንዲህ ነው። እንግሊዝኛ ከበር ውጭ ያልቃል። ኮሪደር ላይ የፈለጋችሁትን ተከራከሩ፤ አልጋ ጋ ስትደርሱ አማርኛ። ራሳቸው በርጩማ ስበው ይቀመጣሉ። ሰውየው እስኪጨርስ ዝም ይላሉ። አንድ ቀን አንድ ተማሪ «ቁስሉ ኢንፌክትድ ሆኗል» አለ። «ለእናቴ እንደምትነግራት ንገረኝ» አሉት። ልጁ አሰበ፣ አላበው። የአልጋው ባለቤት፣ አንድ የመንዝ ሽማግሌ፣ «አመርቅዟል በለው!» ብለው አዳኑት። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ያ ተማሪ ያን ቃል እስኪሞት አይረሳውም። ራውንድ ሲያልቅ ደግሞ እሳቸው ለብቻቸው ይመለሱና አንዱን ሕመምተኛ «ልጆቹ ምን አሉህ?» ይሉታል። የማያውቅ ከሆነ ውጤቱ የሚያንሰው የሕመምተኛው አይደለም፤ የተማሪው ነው። እሳቸው በተረኙበት ወር «ሲስተር፣ ምን አሉኝ?» የሚለኝ ሰው ስለሚያንስ ሻዬን በጊዜ እጠጣ ነበር።

«ጊዜ የለንም» ትላላችሁ። አውቃለሁ። ኢንተርኑ ሌሊቱን አልተኛም፣ ተመላላሽ ክፍል በር ላይ ሰልፉ ደጅ ደርሷል። እሱን የሚክድ ዋርድ ያልሠራ ነው። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቤክማንና ፍራንክል የሚባሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ውስጥ 74 የሕክምና ቆይታዎችን አጥንተው ነበር። ሐኪሙ የሕመምተኛውን ወሬ የሚያቋርጠው በአማካይ በ18 ሰከንድ ነው። ሐሳባቸውን ሳይቋረጡ የጨረሱት 17 ሰዎች ብቻ ናቸው። በ18 ሰከንድ እኛ አገር ሰላምታ እንኳ አያልቅም! ሽማግሌው ስለ ልጆችህ ደህንነት ጠይቀው ሕመማቸው ጋ ሳይደርሱ «የት ጋ ነው የሚያምዎት?» ትላቸዋለህ። የመጡበትን ነገር የሚናገሩት ሲወጡ፣ የበሩን እጀታ ይዘው ነው። ወይም ለኔ ነው። ዘመዱ አምስት ጊዜ እየተመላለሰ የሚጠይቀው፣ መድኃኒቱ ተሳስቶ ተውጦ እንደገና የሚተኛው፣ እሱስ ጊዜ አይፈጅም?

በ2008 የጤናው ዘርፍ ዕቅድ ሲወጣ «ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» የጤና ባለሙያ ይፈጠራል ተባለ። በእንግሊዝኛው አጭር ስም ሲአርሲ ይሉታል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ እኔም ሠልጥኜበታለሁ። ፖስተሩም ተለጥፏል። ፖስተሩ ሥር ግን ሰው «አልጋ ሰባት» ተብሎ ይጠራል፤ በጉበት በሽታው ስም «ሲሮሲሱ» ይባላል። አባቱ የሚሆን ሽማግሌ አንተ ይባላል። ርኅራኄ በፖስተር አይመጣም። እንደ መርፌ አወጋግ በእጅ የሚለመድ ነገር አለው። መቀመጥ ይለመዳል። ዝም ማለት ይለመዳል። «አባቴ» ማለት ይለመዳል። ሆድ ከመንካት በፊት «ልንካዎት?» ማለት ይለመዳል። ተማሪው ሲያደርገው የሚያየውና የሚያርመው ሰው ግን ያስፈልገዋል።

ደግሞም ሊወድቅበት ይገባል። የኛ ልጆች የማይወድቁበትን ነገር አያጠኑም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ስኮትላንድ ውስጥ ዳንዲ በምትባል ከተማ ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1975 ያስተዋወቁት የተግባር ፈተና አለ። ልጆቹ «ኦስኪ» ይሉታል። ተማሪው ከጣቢያ ጣቢያ እየዞረ ይሠራል፤ መምህር ቁጭ ብሎ እያየ ያርማል። ከነዚያ ጣቢያዎች አንዱ ላይ «ለእኚህ እናት ስኳር እንዳለባቸው በአማርኛ ንገር» ተብሎ ቢጻፍስ? በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ የሚሠራውም በዚያው ይፈተን። ውጤት ሰጪ ሲቀመጥ ደግሞ አንዲት ነርስ ትቀመጥ። ማን ምን እንዳልተናገረ ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሆስፒታሎችን ደግሞ አንድ ትንሽ ነገር ልለምን። በርጩማ ግዙ። 24 አልጋ ባለው ዋርድ ሁለት በርጩማ ነበረን፤ አንዱ ሁልጊዜ ተረኛ ክፍል ነው። መጥፎ ነገር ለመንገር የተለየ ክፍልም የለም። እኔ ቤተሰብ የማስቀምጠው አንሶላ የሚከመርበት ክፍል ውስጥ ነበር። ስንቱ ነጭ አንሶላ ላይ ተደፍቶ አልቅሷል።

ያቺ የጎረቤቴ ልጅ አንድ ሌላ ነገር አነበበችልኝ። ሃዋርድ ባሮውስ የሚባሉ የነርቭ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1963 ካሊፎርኒያ ውስጥ የጀመሩት ዘዴ ነው። ደህና ሰው ሕመምተኛ ሆኖ ይተውናል፤ ተማሪው ይለማመድበታል፤ ቢሳሳትም ማንም አይጎዳም። ሲያልቅ «ሕመምተኛው» ተነስቶ «እንዲህ ስትለኝ ፈራሁ፣ እዚህ ጋ ሰዓትህን አየህ» ይለዋል።

እኔ ኮተቤ ነኝ። ከማክሰኞና ሐሙስ በቀር ጠዋት ጠዋት ሥራ የለኝም። የሚፈልገኝ ትምህርት ቤት ካለ ዝግጅት ክፍሉ ስልኬን ይዟል። ጨጓራዬን ብዬ ልቤን እይዛለሁ። ጆሮዋ የደከመ አሮጊት እሆናለሁ። ኪኒኗን ጥላ ለሐኪም የምትዋሽም መሆን እችላለሁ። ሁሉንም እሺ እላለሁ፤ ከዚያ ምን እንደተባልኩ ሲጠይቁኝ አንድም አልመልስም። ማልቀስም እችላለሁ። ክፍያ አልፈልግም፤ ሻይ ካለ ግን ስኳር አይብዛበት።

ጡረተኛ ነርስ
ኮተቤ፣ አዲስ አበባ